የድኻ ወረቀት

ወይዘሮ የሺአረግ የተሰጣቸውን ንፍሮ አልበሉም። በመዳፋቸው ተቀብለው "እግዜር ያጥናችሁ" አሉ፤ ጥቂት ቆዩና እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሥር ሰደዱ። እጃቸው ተመልሶ ሲወጣ ባዶ ነበር፤ አፋቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ተረፋ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አየ። ከጠዋት ጀምሮ የሚያየው ይህንኑ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ካለው ለቀስተኛ ግማሹ ንፍሮውን ይቀበላል፣ ያጽናናል፣ ከዚያ ንፍሮው አንድ ቦታ ይገባል። ኪስ ውስጥ፣ ነጠላ ጫፍ ላይ፣ አግዳሚው ሥር። ለቀስተኛው ሲበተን የአክስቱ የድርቤ ዶሮዎች ይመጡና አንድ በአንድ ይለቅሙታል። በዚያ ለቅሶ ጠግበው ያደሩ ቢኖሩ ዶሮዎቹ ነበሩ።

አግዳሚዎቹ የሟቹ ሥራ ናቸው። ጨመዳ ዋጋሪ ጉቴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አናጢ ሆኖ ኖሯል፤ እድሩ ለለቅሶ የሚያወጣቸውን አግዳሚዎች በሙሉ የሠራው እሱ ነው። ሲሠራቸውም "ለቀስተኛ ብዙ ይቀመጣል፣ ጀርባው እንዳይታመም" ብሎ መደገፊያ አድርጎላቸዋል። አሁን ሰዉ ያንን መደገፊያ ተደግፎ ስለ እሱ ያንሾካሹካል።

"ሐኪም ቤቱ ሬሳውን ለዘመድ ሳይሰጥ የቀበረው ለምን ይመስልሻል?" አሉ ወይዘሮ የሺአረግ አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው ጉቴ ላይ ያረጁ፣ ጠላ የሚሸጡ፣ የሰፈሩን ሁሉ ልጅ በስም የሚያውቁ ሴት ናቸው። "ያ በሽታ ቢሆን ነው እንጂ! ቁምጥናው!"

"ኧረ ልጁ ይሰማል፣ እትዬ።"

"ይስማ። እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ።"

ልጁ ሰማ። ምንም አልተሰማውም። ከቅዳሜ ጀምሮ ሰውነቱ በሙሉ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ሆኖበታል፤ የራሱ መሆኑን ያውቃል፣ ግን ቢነኩትም አይሰማውም። ሰው መጥቶ አንገቱን አቅፎ "ጀባዹ፣ ኢልማ ኮ፣ በርታ ልጄ" ይለዋል። እሱም "አሜን" ይላል። ዓይኑ ደረቅ ነው። ለብሶት የተቀመጠው አዲስ ጥቁር ገበርዲን ኮት ነው፤ ከኮቱ ላይ የጥድ ቅጠል ፍርፋሪ በሁለት ጣቱ ያነሳና መሬት ይጥላል። ይህን ሲያደርግ ያየው ሰው ሁሉ ልቡ ደንድኗል ብሎ ሄዷል።

"ለምን ነው ወንድሜ እዚህ ያልተቀበረው?" ትላለች ድርቤ፣ ሰው በገባ ቁጥር። የጨመዳ ታናሽ እህት ናት። ተረፋ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱም እስከ ዛሬ በኦሮምኛ "አዳዳ"፣ አክስቴ፣ ብሎ ይጠራታል። "የሚስቱ መቃብር ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነው። አጠገቧ ቦታ ትቶ ነበር። ለምን ነቀምቴ ጣሉት?"

ሰዉ ወደ ተረፋ ይዞራል።

"ሐኪም ቤቱ ቸኮለ" ይላል ተረፋ።

የሚያውቀውን አይናገርም። ሐኪም ቤቱ አልቸኮለም። ሐኪም ቤቱ ወረቀቱ የሚለውን ነው ያደረገው።

*

የአባቱ የጨመዳ በሽታ የጀመረው ተረፋ ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት ነበር። መጀመሪያ ክርኑ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ራሱ፣ በመጨረሻ ጀርባውና መዳፉ። ቅርፊት እየሠራ ይላጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የጉቴ ሰው ችፌ ይለው ነበር። ጨመዳ ጣውላ ሲልግ ከመዳፉ ደም ይወጣና እንጨቱን ይነካዋል፤ ደንበኛው ሳያይ በእጅጌው ይጠርገዋል። ባለመድኃኒቶቹ የሰጡትን ቅጠል ሁሉ ለጠፈ፣ ቅቤ በድኝ ተቀባ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በርበሬ ተወ። ምንም የለም።

ባለፈው ጥቅምት ብሶበት መጋዝ መጨበጥ ሲያቅተው ነቀምቴ ሐኪም ቤት ሄደ። ፈረንጁ ሐኪም ልብሱን አስወልቆ አገላብጦ አየውና ባስተርጓሚ ነገረው። ቁምጥና አይደለም። ወደ ሰው አይተላለፍም። ጨርሶ አይድንም፣ ግን ያርፋል፤ ሦስት ሳምንት ተኝቶ፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ጥቁር ቅባት በየቀኑ እየተቀባ፣ በጨርቅ እየተጠቀለለ። የአልጋው፣ የቅባቱና የጨርቁ ዋጋ ሲነገረው ጨመዳ ባርኔጣውን አደረገ።

"ቁምጥና ቢሆን በነጻ ነበር አሉኝ" ብሎ ሳቀ፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለተረፋ ሲያወራለት። "ለቁምጥና ገንዘብ የሚልክ አገር አለ። የኔን በሽታ የሚያውቀው የለም። ዕድል የለኝም እኮ!"

ከዚያ እርዳታ ፍለጋ ተጀመረ። ጨመዳ መጀመሪያ የሄደው ወደ እድሩ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅወያ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ናቸው፣ አብረውት ያደጉ ሰው። አንገታቸውን ደፍተው "እድሩ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም፣ ጨመዳ፤ ደንቡ ነው" አሉት። ጨመዳም "እንግዲያው ቆይቼ እመጣለሁ" አላቸው። ዋቅወያ ይህን ቀልድ ለሰው ሲያወሩ ከርመው ነበር፤ አሁን ግን አያወሩትም። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ደግሞ አዋጥቶ ሰጠው፤ ያዋጡት ለአንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ቅባት በቃ። ለአልጋው የሚሆን አልነበረም።

የቀረው ልጁ ነው።

ተረፋ ነቀምቴ ውስጥ በአጥቢያ ዳኛው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። ደመወዙ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው ወር ዕቁብ ደርሶት ነበር። የዕቁቡን ብር ለልብስ ሰፊው ሰጥቶ ገበርዲን ኮት አሰፍቶበታል። ለአባቱ ግን "እጄ ላይ ምንም የለም፣ አባ" አለው። ኮቱን አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ደብቆት ነበር። አፈረበት። አፈረበት እንጂ አልሸጠውም።

ያፈረ ሰው ደግሞ ዘዴ አያጣም።

"የድኻ ወረቀት እጽፍልሃለሁ" አለው። "በዚያ ወረቀት ሐኪም ቤቱ በነጻ ያስተኛል።"

እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት በየሳምንቱ ሲጽፍ ይውላል። ቃሉን ተኝቶም ያውቀዋል። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ ደመወዝተኛ ልጅ ያለው ሰው አይሰጠውም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት፣ ጽሕፈት ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ አባቱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እንደ ባለጉዳይ ቆሞ፣ ልጁ ተቀምጦ ጻፈ። ጽሕፈቱ በጽሕፈት ቤቱ የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ተለክቶ የተቆረጠ ይመስላል። ጽፎ ሲያበቃ አነበበለት። "...ነዋሪነታቸው ጉቴ የሆኑት አቶ ጨመዳ ዋጋሪ ጧሪና ቀባሪ የሌላቸው ድኻ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።"

ጨመዳ ፊደል ቆጥሯል፣ የጽሕፈት ቤት አማርኛ ግን ይከብደዋል። በኦሮምኛ ጠየቀው። "ይሄ፣ 'ጧሪና ቀባሪ' የሚለው ምንድን ነው?"

"ድኻ ማለት ነው፣ አባ። እንዲያው የወረቀት ቋንቋ ነው።"

ጨመዳ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን ግን አላሳረፈበትም፣ እንዳያቆሽሸው።

"ፊደልህ ያምራል" አለ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው አቶ በላይ ከሌሎች ሃያ ወረቀቶች ጋር ሳያነቡ ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። ተረፋን ያምኑታል።

"ሐኪም ቤት ስትገባ ልጅ አለህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል" አለ ተረፋ።

"የለኝም እላለሁ" አለ ጨመዳ። ሚስማር አለህ ወይ ተብሎ እንደሚመልሰው አድርጎ ነበር ያለው።

*

በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ኦቦ ዋቅወያ ድርቤንና ተረፋን ከድንኳኑ ወደ ጓሮ ጠሯቸው። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሻሹ።

"ሰው ይፈራል፣ አዴ ድርቤ" አሉ። "እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው ያለው። የተኛበትን ፍራሽና ብርድ ልብሱን ብናቃጥለው፣ ሰዉም ልቡ ያርፍና ይቀምሳል። ለናንተው ብዬ ነው።"

"ምን?" አለች ድርቤ። "ወንድሜ ቁምጥና አልነበረበትም! ሐኪሙ ነግሮታል! ሃያ ዓመት ልብሱን በእጄ አጥቤያለሁ፤ እዩት እጄን!" ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ንጹሕ፣ የሠራተኛ ሴት እጆች ነበሩ። "ተረፋ፣ ንገራቸው እንጂ! አንተ ተምረሃል!"

ተረፋ አፉን ከፈተ። አይተላለፍም ቢል ታዲያ ለምን ተቸኮለ ይሉታል። ያንን ከመለሰ ወረቀቱ ይመጣል። ወረቀቱ ከመጣ ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ብቻም አይደለም፣ በሐሰት ሰነድ የሚፈረድባቸውን ሰዎች ስም እሱው ራሱ በዚያ ባማረ ፊደሉ ሲጽፍ ኖሯል።

"ሰው የፈቀደውን ያድርግ" አለ።

ድርቤ አየችው።

ፍራሹን ጓሮ አውጥተው ለኮሱት። ገለባ ነውና ቶሎ ተያያዘ። ጨመዳ ክረምት ክረምት ትከሻው ላይ የሚጥለው ብርድ ልብስም ተከተለ። ወይዘሮ የሺአረግ ከአጥሩ ሥር ቆመው አዩ፤ እንባቸውን ጠረጉ፤ እውነተኛ እንባ ነበር፣ ሟቹን ይወዱት ነበርና። ተረፋ እሳቱን እያየ፣ ጢሱ ወደ ኮቱ ሲመጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወደ ኋላ ማለቱን ያወቀው ካለ በኋላ ነው።

ይህ ኮት። ሐኪም ቤት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው አባቱ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለችው የልጁ ኪራይ ክፍል መጥቶ ነበር። ተረፋ ኮቱን ለብሶ ፎቶ ሊነሳ ሲወጣ በሩ ላይ ተገናኙ። ጨመዳ ኮቱን ከላይ እስከ ታች አየ። ከየት አመጣኸው አላለም። "ልክህ ነው፣ ትከሻው ላይ በደንብ ተቀምጧል" አለ፣ ስለ በር ጉበን እንደሚናገር። ከዚያ ከኪሱ ማኅበሩ የገዛለትን ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ።

"ጀርባዬ አይደርስልኝም" አለ። "ትንሽ ብትቀባልኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝም።"

ተረፋ ቆርቆሮውን አየ፤ ቅባቱ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። የኮቱን እጅጌዎች አየ።

"እጅጌዬን ያበላሽብኛል፣ አባ። ነገ ሐኪም ቤት ይቀቡሃል አይደል?"

"እውነትህን ነው" አለ ጨመዳ፣ ቆርቆሮውን ወደ ኪሱ እየመለሰ። "ሬንጅ አይለቅም።"

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማም። ሰው የለውም የተባለ በሽተኛ ጠያቂ ሊኖረው አይገባም። ለዚህም ድርቤን ጠያቂ አያስገቡም ብሎ አስቀርቷት ነበር። ተረፋ በየቀኑ በምሳ ሰዓት በሐኪም ቤቱ አጥር በኩል ያልፍ ነበር። ጨመዳም በዚያ ሰዓት ሰፊ የሐኪም ቤት ልብስ ለብሶ ጥዱ ሥር ይቀመጣል። ልጁ ሲያልፍ ራሱን እንደሚያክ ሰው እጁን ከፍ ያደርጋል። ተረፋ ሳል ያለበት ይመስል ይስላል። ሰላምታቸው ይህ ነበር። እሑድ ሲቀር አሥራ ሰባት ቀን እንዲህ ሰላም ተባባሉ።

ሐሙስ ጥዱ ሥር ማንም አልነበረም። ዓርብም። ቅዳሜ ዘበኛውን ጠየቀው።

"አናጢው? ትኩሳት ያዘው፤ ሐሙስ አረፈ፣ ትናንት ተቀበረ። ሰው የለውም ነበር፣ ምስኪን። ታውቀው ነበር እንዴ?"

"ያገሬ ሰው ነው" አለ ተረፋ።



*

በሦስተኛው ቀን አቶ በላይ ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች አስከትለው ከነቀምቴ መጡ። የሸዋ ሰው ናቸው፤ ካባቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከድንኳኑ መሐል ተቀመጡ። ዳኛ ለቅሶ መድረሱ ለቤቱ ክብር ነውና ንፍሮው ለእሳቸው በሣህን ቀረበ። ትላንት ፍራሹ ስለተቃጠለ ዛሬ ጥቂት ሰዎች መብላት ጀምረዋል። ወይዘሮ የሺአረግ ግን ገና አላመኑም፤ ድርሻቸውን በነጠላቸው ቋጥረዋል።

"አባት መቅበር የወንድ ልጅ ዕዳ ነው" አሉ አቶ በላይ ለማጽናናት። "አንተ ደግሞ አንድ ልጅ ነህ አሉ። ደግ ነው። ጧሪም ቀባሪም ሆነህለታል።"

ተረፋ "አሜን" አለ።

ያኔ ነው ነመራ የሚባል እንግዳ የገባው። ከነጭ ጋውኑ ላይ ካፖርት ደርቧል፣ ጫማው ጭቃ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሩ መጥቷል። "አከም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ" አለና ለሁሉም እጅ ነሳ፤ ከዚያ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

"የአናጢው የኦቦ ጨመዳ ለቅሶ ይህ ነው?" አለ። "እኔ የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ነኝ። የማክምበት ክፍል ነበር የተኛው። ጉቴ ላይ ድንኳን ተጥሎለታል ሲሉ ገበያ ሰማሁና... እኛ እኮ ሰው የለውም ብለን ነው የቀበርነው። ዕቃውን ላስረክብ ብዬ ነው።"



"በሽታው እንዳይዛመት አይደለም ወይ የቀበራችሁት?" አሉ ኦቦ ዋቅወያ።

"የምን መዛመት?" አለ ነመራ። "የገደለው የሳንባ ምች ነው። ቆዳውማ ነጽቶ ነበር፤ እጁን ቢያዩት የልጅ እጅ መስሎ ነበር። ቁምጥና መስሏችሁ ነው? ኧረ በጭራሽ። እኔ ሦስት ሳምንት በባዶ እጄ ቀብቼዋለሁ።"

ድርቤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ይህኛው ለቅሶ ከቀደሙት የተለየ ነበር፤ ንዴትም ነበረበት።

ነመራ ከከረጢቱ ዕቃውን እያወጣ ከድርቤ ፊት ደረደረ። ባርኔጣ። የአናጢ እርሳስ። ክዳኑ ያልተከፈተ ቆርቆሮ ቅባት። "ይህን ለቤቱ ሰጥተነው ነበር፣ ሲወጣ እንዲቀባው። ጀርባው ስለማይደርስለት ጠዋት ጠዋት እኛን ይጠብቅ ነበር። ሥራ የበዛብን ቀን ሳይቀባ ይውላል፤ አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ አያውቅም።" በመጨረሻ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ይኸው፤ ይህ ነው ያሳሳተን። በዚህ ነው በነጻ የተኛው። ዘመድ የለውም ይላል። እሱ ደግሞ ይህን ወረቀት እንዴት ይወደው እንደነበር! ትራሱ ሥር ያስቀምጠዋል። አዲስ በሽተኛ በገባ ቁጥር አውጥቶ ያሳያል። 'እዩት እስቲ ይህን ጽሕፈት፣ እንዲህ ያለ እጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?' ይላል። የማን ጽሕፈት ነው ስንለው 'የመንግሥት ጸሐፊ' ብሎ ዝም።"

"እስቲ እኔ ልየው" አሉ አቶ በላይ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ማኅተሙን አወቁት፣ ፊርማቸውንም። ከዚያ ፊደሉን አዩ፤ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ቀና ብለው ተረፋን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ክፉ ሰው አልነበሩም።

"ይህ..." አሉ ቀስ ብለው፣ "የስም መመሳሰል ሊሆን ይችላል። ጨመዳ የሚባል በዚህ አገር ስንት አለ። ጸሐፊውም ተሳስቶ ይሆናል።" ወረቀቱን ማጠፍ ጀመሩ። "እኔ ይዤው ልሂድ።"

ለተረፋ የማምለጫ በር ተከፍቶለታል። ዝም ቢል ይበቃዋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ የሠራው ሥራ ዝምታ ነው፣ ለምዶታል። ሥራው ይቀርለታል። የአባቱም ስም እንደሆነ በነመራ አፍ ነጽቷል። ከድንኳኑ ውስጥ የሚጎዳ ሰው አይኖርም። አባቱ ግን ትራሱ ሥር ያስቀመጠው ወረቀት የሌላ ጨመዳ ይሆናል፤ ያ ሁሉ 'እዩት' ያለው ጽሕፈት የማንም ይሆናል።

"ጽሕፈቱ የኔ ነው" አለ ተረፋ።

አቶ በላይ ማጠፉን አቆሙ።

"ምን ይላል?" አለች ድርቤ። አማርኛ ትሰማለች፤ የወረቀቱን ግን ከእሱ አፍ ልትሰማው ፈለገች። "በኦሮምኛ ንገረኝ። ወረቀቱ ምን ይላል?"

ተረፋ ከአግዳሚው ወርዶ ከፊቷ ተንበረከከ። ለአባቱ ያላደረገውን አደረገ፤ ቃል በቃል፣ አንድም ሳያስቀር በኦሮምኛ ነገራት።

"የሚጦረው ሰው የለውም ይላል፣ አዳዳ። ሲሞትም የሚቀብረው የለውም ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አባ ምን ማለት ነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ ዋሸሁት።"

ድርቤ አልመታችውም፣ አልጮኸችም።

"እኔስ?" አለች። "እኔ የት ሄጄ ነበር? እኔንም ነው የሰረዝከኝ?"

ወረቀቱን ሲጽፍ ስለ እሷ አላሰበም፤ እውነቱ ይኸው ብቻ ነው።

አቶ በላይ ተነሱ። ወረቀቱን ለነመራ አልመለሱም፤ ካባቸው ውስጥ ከተቱት። በድንኳኑ መውጫ ላይ ቆም ብለው ዞሩ።

"ሐዘንህን ስትጨርስ ጽሕፈት ቤት ና" አሉት። "ሳላነብ የፈረምኩም እኔ ነኝ። አብረን እንጠየቃለን።"

አቶ በላይ ሄዱ። ኦቦ ዋቅወያ ወደ ጓሮ፣ ፍራሹ ወደተቃጠለበት ጥቁር መሬት አዩና ዓይናቸውን መለሱ። ወይዘሮ የሺአረግ የነጠላቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱ። የደረቀውን ንፍሮ ከውስጡ አውጥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ፍሬ በፍሬ እስኪያልቅ በሉት።

*

ድንኳኑ ረቡዕ ተነቀለ። ሽማግሌዎቹ የተቀበረ አይነቀነቅም አሉ፤ ጨመዳ ባለበት ይሁን ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ተረፋና ድርቤ ወደ ነቀምቴ ሄዱ። መንገዱን በሙሉ አላነጋገረችውም። ዝናብ ካፊያ ሲጀምር ግን ጃንጥላዋን ወደ እሱ በኩል ትንሽ አዘነበለችው።

ነመራ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ወስዶ አሳያቸው። ሰው የሌላቸው የሚቀበሩበት ነው፤ ሳሩ ረጅም ነው፤ በየመቃብሩ ራስጌ አንዳንድ ጣውላ ተተክሎ ቁጥር ተጽፎበታል። ስም ያለው የለም።

"አሥራ አንድ ቁጥር" አለ ነመራና ትቷቸው ሄደ።

ጣውላው በቅጡ እንኳ አልተላገም። ጨመዳ ቢያየው ኖሮ ነቅሎ እንደገና ይሠራው ነበር። ፀሐይና ዝናብ በቅጡ ሳያገኘው ገና በሳምንቱ ተሰንጥቋል። ድርቤ ራስጌው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ በእጇ ሳሩን መንቀል ጀመረች። ተረፋ ቆሞ እንባ ጠበቀ። አልመጣም።

ከኪሱ ቆርቆሮውን አወጣ። ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ነበር፤ በጥፍሩ ከፈተው፤ የሬንጁ ሽታ ወጣ። ከጣውላው በስተጀርባ ዞሮ ተንበረከከ፣ አራት ጣቶቹን ቅባቱ ውስጥ ነከረ። ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ፣ ስንጥቁን እየሞላ ይቀባ ጀመር። እንጨቱ ጠጣው። እንደገና ነከረ። ድርቤ ሳር መንቀሏን ትታ ታየው ነበር።

"እጅጌህ" አለችው።

ጥቁሩ ቅባት የገበርዲኑን ጫፍ ነክቶ ወደ ክርኑ እየወጣ ነበር። ተረፋ አየው። እጅጌውን አልሰበሰበም።